ስሙን ያልለቀቀ ቡድን

በጋይንት፣ በስማዳም ሆነ በእስቴ ያደገ ሰው ቡድን ምን እንደሆነ መጀመሪያ የሚማረው ከገና ጨዋታ ነው። በልደት ሰሞን ጎበዛዝቱ በሜዳ ይሰበሰቡና ሁለት አለቆች ይመርጣሉ፤ አለቆቹም ተጨዋቾቹን ተራ በተራ ይከፋፈላሉ። ከዚያ በኋላ ወንድም ከወንድሙ ጋር ተፋጥጦ እሩሯን በቆልማማ ዱላ ሲለጋ ይውላል። ፀሐይ ስትጠልቅ ግን ቡድኑ ይፈርሳል። በማግስቱ የትናንቱ ባላጋራ ወገን ሊሆን ይችላል። ተጨዋቾቹ አርጅተው ካለፉ በኋላም ስሙን ይዞ የሚኖር ቡድን መኖሩን ልብ ያልሁት በነፋስ መውጫ አስተማሪ ሳለሁ ነው።

ይህ ቡድን የአዲስ አበባው ቅዱስ ጊዮርጊስ ነው። የተመሠረተው በ1928 ዓ.ም. በአራዳ ሠፈር ሲሆን፣ መሥራቾቹ አየለ አትናሽና ጆርጅ ዱካስ የተባሉ ወጣቶች ነበሩ። ጊዜው ለጨዋታ የሚመች አልነበረም፤ ጦርነቱ ተጀምሮ ጣሊያን አዲስ አበባ ለመግባት የቀሩት ጥቂት ወራት ብቻ ነበሩ። ስሙም እንዲያው የተገኘ አይደለም። የአራዳው ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን የዓድዋ ድል መታሰቢያ ነውና፣ ስሙን መጥራት በራሱ ድሉን ማስታወስ ነበር።

ወራሪው አዲስ አበባን ከያዘ በኋላ ኳሱንም በዘር ከፈለው፤ ኢትዮጵያውያን ከነጮች ጋር እንዳይጫወቱ ተከለከለ። የቡድኑም ስም ተለውጦ «ሊቶሪዮ ውቤ ሠፈር» ተባለ። ሊቶሪዮ የሚለው ቃል ፋሽስቶች ለዓርማቸው የወሰዱትን የጥንት ሮማውያን የሥልጣን ምልክት የሚያስታውስ ነው። የአራዳ ልጆች በዚህ ስም ሲጫወቱ ምን ይሰማቸው እንደነበር ተማሪዎች ለራሳችሁ አስቡት።

ከነፃነት በኋላ ቡድኑ የቀድሞ ስሙን መልሶ ያዘ። በ1936 ዓ.ም. የመጀመሪያው ሻምፒዮና ሲካሄድ የጣሊያኖች፣ የአርመኖች፣ የግሪኮችና የእንግሊዝ ጦር ቡድኖች ተሰለፉ፤ ኢትዮጵያውያንን ወክሎ የገባው ቅዱስ ጊዮርጊስ ነበር። ዋንጫውን የወሰዱት እንግሊዞቹ ናቸው።

ከቡድኑ ልጆች መካከል ይድነቃቸው ተሰማን ሳያነሡ ማለፍ አይቻልም። አባቱ ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በግጥምና በዜማ የታወቁ ሰው ነበሩ። ልጁ ግን በዐሥራ አራት ዓመቱ ወደ ኳሱ አዘነበለና ለጊዮርጊስ ከሃያ ዓመት በላይ ተጫወተ። በ1954 ዓ.ም. ኢትዮጵያ የአፍሪካን ዋንጫ ስታነሣ አሠልጣኝ ነበር። ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ በ1979 ዓ.ም. እስከ ሞተበት ቀን ድረስ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን በፕሬዚዳንትነት መርቷል። የአፓርታይድ ደቡብ አፍሪካ ከዓለም እግር ኳስ እንድትወገድ አጥብቆ ከታገሉት አንዱ እርሱ ነው። በወጣትነቱ ሜዳ በቀለም ሲከፈል ያየ ሰው ነገሩን ከመጽሐፍ መማር አላስፈለገውም።

በደርግ ዘመን ስሙ እንደገና ተነሣ። ቡድኑ የቢራ ፋብሪካ ቡድን ሆኖ «ቢራ» ተብሎ ይጠራ ጀመር። በ1970ዎቹ ነፋስ መውጫ ላይ ተማሪዎቼ የጨርቅ ኳስ ይጫወቱ ነበር፤ ከተማዋ እንደ ስሟ ናትና ነፋሱ አንዱ ተከላካይ ነበር ማለት ይቻላል። ውድድር ሲኖር አንዲት ራዲዮ ከብበው ያዳምጣሉ። አንድ እሑድ ተናጋሪው «ቢራ አሸነፈ» ሲል፣ ከጉና ማዶ እንኳ ተሻግሮ የማያውቅ አንድ ልጅ «ጊዮርጊስ አሸነፈ!» ብሎ ዘለለ። ራዲዮው ያለው ሌላ አይደለምን ብዬ ጠየቅሁት። «ጋሼ፣ አጎቴ ሲጠራው የሰማሁት እንዲህ ነው» አለኝ። አጎቱ አዲስ አበባ በቀን ሥራ የሚተዳደር ሰው ነበር። ማንም ሳያዝዘው አሮጌውን ስም ይዞ ወደ ጋይንት መጣ፤ ልጁም ተቀበለው። እኔ እንደሚመስለኝ ያን ቡድን ያቆዩት ከዋንጫዎቹ ይልቅ እንዲህ ያሉ ሰዎች ናቸው።

ከ1983 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥ በኋላ ስሙ በይፋ ተመለሰ፤ ደጋፊዎቹም ቡድናቸውን በቅዱሱ ፈረስ አምሳል «ፈረሰኞቹ» ይሉታል። በ2009 ዓ.ም. ጊዮርጊስ በአፍሪካ ሻምፒዮንስ ሊግ የምድብ ውድድር የገባ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ክለብ ሆነ። ከምድቡ ተጋጣሚዎች አንዱ ማሜሎዲ ሰንዳውንስ ነበር፤ ማሜሎዲ በአፓርታይድ ዘመን ጥቁሮች ተለይተው እንዲኖሩበት የተደረገ የፕሪቶሪያ ዳርቻ ሠፈር ነው።