ሳንላት የቀረነው

በ2009 ዓ.ም. እናታችን መንታ አረገዘች። ቤታችን ከስታዲየም ጀርባ ነበር፤ ጊዮርጊስና ቡና በሚጋጠሙበት ቀን ጎሉ የማን እንደሆነ ከጩኸቱ እንለይ ነበር። ሆዷ ላይ ጆሯችንን እየለጠፍንም ያልተወለዱትን በቡድን ተከፋፈልናቸው፤ አንዱ የጊዮርጊስ፣ አንዱ የቡና። ሞኝነት ነው፤ ልጆች ነበርና።

ሰባተኛው ወር ላይ ከምርመራ ስትመለስ ጫማዋን ሳታወልቅ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለች። የአንዱ ልብ ቆሟል። «ሌላውስ?» አልናት ተሽቀዳድመን። ሌላው ደኅና ነው። ሐኪሙ እንዳላት፣ ሁለቱም የየራሳቸው እንግዴ ልጅ ነበራቸው፤ አንዱን የሚጋሩ ቢሆን ኖሮ የአንዱ ሞት ለሌላውም ይተርፈው ነበር። የሞተውም ቶሎ አይወጣም፤ የወንድሙ ቀን እስኪደርስ አብሮት ይቆያል። ስድስት ሳምንት ሙሉ ሁለቱን ይዛ እንጀራ ጋገረች፣ ገበያ ወጣች። ጎረቤት «መንቶቹስ እንዴት ናቸው?» ሲላት፣ «ደኅና ናቸው» ትል ነበር።

ስትወልድ አራስ ጠያቂ ቤቱን ሞላው። ገንፎው ተበላ፣ እልልታው ቀለጠ፤ «እንኳን ማርያም ማረችሽ!» እውነት ነው፣ ምራታለች። ግን ለዚያችው አልጋ «እግዜር ያጥናሽ» የሚባል ሌላ ቃልም ነበረብን። አንድ ሰው እንኳ አላለም። እኛም አላልንም። ድንኳን አልተተከለ፣ እድር አልተጠራ። ስም ላልወጣለት ልጅ ማን ተብሎ ይለቀሳል? ናይጄሪያ ውስጥ ዮሩባዎች ከመንታ አንዱ ሲሞትባቸው ኢቤጂ የሚሉትን ትንሽ የእንጨት ምስል ያስቀርጻሉ፤ እናቲቱ ታጥበዋለች፣ ታለብሰዋለች፣ እንደ ልጅ ታበላዋለች። ከመካከላችን አንዳችን ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ይህን ሲያነብልን፣ ምን እንደብቃለን፣ ቀናን።

የክርስትናው ዋዜማ፣ በሠላሳ ዘጠነኛው ቀን መሆኑ ነው፣ አያታችን «ማስረሻ በሉት» አሉ። ልጅ ሞቶባት ለምትወልድ እናት ካሳ፣ ምትኩ፣ ማስረሻ ብሎ ማውጣት የቆየ ወግ ነው፤ ክፋት የለበትም። እናታችን ግን ሕፃኑን ከጡቷ ሳትነጥል ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣

«እሱ'ኮ አብሮት ነበር፣ እማዬ። እንዴት አድርጎ ነው የሚያስረሳኝ?» አለች።

አያታችን የሚመልሱት አጡ። ቆየት ብለው ነጠላቸውን አዘቀዘቁና ጮክ ብለው ማልቀስ ጀመሩ። እስጢፋኖስ የምንሄደው በማግስቱ ነበርና ለጠላው የመጡት ሴቶችም ሥራቸውን ትተው ተቀመጡ።