ሰባት ቤት ስቆጥር

አንባቢዎቼ ሆይ፤ ሰባት ቤት ቁጠሩ ብትባሉ እስከ ስንተኛው ትደርሳላችሁ? ይህን የምጠይቀው ላሳፍራችሁ ብዬ አይደለም። እኔ ራሴ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የታሪክ አስተማሪ ነኝ፤ የነገሥታቱን የትውልድ ሐረግ በሰሌዳ ላይ ስጽፍ እውላለሁ። ዳሩ ግን የራስህን ቁጠር ብባል በአራተኛው አባት ላይ ተደናቅፌ ቀረሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በአሜሪካን አገር በሜሪላንድ ተወልዶ ያደገ የአጎቴ ልጅ አለኝ። አማርኛው ገና ወተት ጥርሱን ያልጣለ ቢሆንም ወገኑን ይወዳል። አንድ ቀን ደውሎ «የቤተሰባችንን ዛፍ እየሠራሁ ነውና እርዳኝ» አለኝ። እኔም የሚተከል ዛፍ መስሎኝ ምን ዓይነት ችግኝ እንደሚሻ ጠየቅሁት። እሱ ግን የትውልድ ሐረግ ማለቱ ነበር።

በሰፈሩ ያለው የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ለአባሎቹ በኢንተርኔት የሚገላበጥ የዘር ሐረግ መዝገብ በነጻ ያቀርባል። የአባልነት ካርድ ያለው ሁሉ ገብቶ የጥንት የሕዝብ ቆጠራ፥ የመርከብ ተሳፋሪዎች ዝርዝር፥ የጋብቻና የሞት መዝገብ ያያል። አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. ከ1790 ጀምሮ በየዐሥር ዓመቱ ሕዝባቸውን ሲቆጥሩ ኖረዋል። በቆጠራው የተጻፈው የሰዎች ስም ለሰባ ሁለት ዓመት ከተዘጋ በኋላ ለማንም ይከፈታል፤ እ.ኤ.አ. የ1950ው ቆጠራ የተከፈተው በ2022 ነው።

የአጎቴ ልጅ የአያታችንን ስም በላቲን ፊደል በአምስት ዓይነት አጻጻፍ እየለዋወጠ ፈለገ። መልሱ ሁልጊዜ አንድ ሆነ፤ «አልተገኘም»። ከመንዝ ያልወጣ ገበሬ በአሜሪካ መዝገብ እንዴት ይገኛል? ስለዚህ ባዶውን ቅጽ ላከልኝና ሙላልኝ አለ።

ቅጹ ራሱ ለእኛ የተሰፋ ልብስ አልነበረም። መጀመሪያ የቤተሰብ ስም ይጠይቃል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን እያንዳንዱ ሰው የቤተ ዘመድ ስም እንዳለው ቢደነግግም ልማዳችን አልተከተለውም። እኔ በአባቴ ስም፥ እሱ ደግሞ በአያታችን ስም ስለምንጠራ፥ በመዝገቡ ዓይን ሁለታችን ባዕዳን ነን። ቀጥሎ የልደት ቀን፥ ወርና ዓመት ይጠይቃል። የቅድመ አያቴ ልደት የሚታወቀው «የሰገሌ ጦርነት በሆነ ዓመት» ተብሎ ነው። ጦርነቱ በጥቅምት ወር 1909 ዓ.ም. ስለሆነ ዓመቱን አገኘሁ፤ ቀኑን ግን እናታቸው ይዘውት ሄደዋል።

በእኛ አገር የልደት፥ የጋብቻና የሞት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው ገና በ2008 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት ለብዙዎቻችን መዝገባችን የሽማግሌ አፍ ነው። ስለዚህ ደብረ ብርሃን ልጃቸው ቤት ወደሚኖሩት ወደ አባቴ አክስት ዘንድ ሄድሁ። ዕድሜያቸው ከሰማንያ አልፏል፤ እንዝርት ግን ከእጃቸው አይለይም።

«እማማ፥ አባቶቻችንን ይቁጠሩልኝ» አልኋቸው።

እሳቸውም ጣታቸውን እያጠፉ፥ እገሌ የእገሌ፥ እገሌ የእገሌ እያሉ፥ ሳይተነፍሱ ከሰባተኛው አልፈው እስከ አቅኚው አባት፥ ማለትም መሬቱን መጀመሪያ እስከ ያዘው ሰው ድረስ አደረሱኝ። በእናታቸው አባት በኩልም እንዲሁ ቆጠሩ። ርስት በአባትም በእናትም ስለሚወረስ፥ ከአቅኚው አባት መወለዱን ቆጥሮ ያላስረዳ ሰው መሬት አያገኝም ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ይሁን ተብሎ ሲታወጅ ግን የቆጠራው ጥቅም ቀረ። አባቴ ያን ጊዜ ልጅ ነበር፤ እኔን ያላስተማረኝም እሱን ያስተማረው ስላልነበረ ነው።

«የእናትዎ እናትስ?» ብዬ ጠየቅሁ።

እንዝርቱ ቆመ። «እሷ አትቆጠርም» አሉኝ።

«ስለ ምን?»

«ገዝተው ያመጧት ናት። አባቷን ማን ያውቃል?»

ከዚያ ወዲያ ብለምናቸው ዝም አሉ። በማግሥቱ ጧት ፀሐይ ሲሞቁ ግን ራሳቸው ጀመሩልኝ። ከክፉ ቀን በኋላ፥ ማለት ከ1880ዎቹ ረኃብ ወዲህ፥ በሕፃንነቷ ከሩቅ አገር ተገዝታ መጣች። ክርስትና ስትነሣ አዲስ ስም ወጣላት፤ የቀድሞ ስሟን የጠየቀ አልነበረም። ከቤቱ ጌታ ሴት ልጅ ወለደች፤ ያች ልጅ የእማማ እናት ናት። በ1934 ዓ.ም. ባርነት በአዋጅ ሲሻር አሮጊት ነበረችና ከምድጃው አጠገብ አልተነሣችም። «እኔ ልጅ ሆኜ፥ ማታ በጎቹ ሲገቡ ደጃፍ ላይ ቆማ በማናውቀው ቋንቋ ትቆጥራቸው ነበር። አንድም ቀን አልተሳሳተችም» አሉኝ።

እንግዲህ አንባቢዎቼ፥ እኔ የአያቴን አያት ያገኘሁት እንዲህ ነው። ጀግንነቴን እንዳወራ አትጠብቁ። ቅጹን ይዤ ሁለት ሳምንት ዝም አልሁ። ሽማግሌ ልልክባት ያሰብኋት ልጅ አለች፤ አባቷም አጥንት የሚጠይቁ ሰው መሆናቸውን አውቃለሁ። በክፍል ውስጥ ስለ ባሪያ ንግድ ሳስተምር ድምፄ አይንቀጠቀጥም፤ በራሴ ቤት ሲደርስ ግን እጄ ከቁልፉ ላይ ራቀ።

በመጨረሻ ለአጎቴ ልጅ የሰማሁትን ሁሉ ጻፍሁለት። በማግሥቱ አባቱ፥ ማለት አጎቴ፥ በቁጣ ደወለ። «አባቶቻችን የቀበሩትን ነገር፥ አስተማሪ ነኝ ብለህ ትቆፍራለህን? ልጄ ይህን አውቆ ምን ይጠቀማል?» አለኝ። ታላቅ ነውና መልስ አልሰጠሁም፤ መልሱንም አላውቀውም ነበር።

መልሱ የመጣው ከልጁ ነው። በቤተ መጻሕፍቱ መዝገቡን መፈለግ ያስተማሩት አንዲት ጥቁር አሜሪካዊት ወይዘሮ የራሳቸውን ወገን ፈልገው እ.ኤ.አ. እስከ 1870 ደርሰው ቆመዋል። ምክንያቱን ሲያስረዱት ወረቀቱን አሳዩት። እ.ኤ.አ. በ1850 እና በ1860 በተደረጉት ቆጠራዎች ባሮች የተጻፉት በጌታቸው ስም ሥር ነው። ዕድሜ አለ፥ ጾታ አለ፥ የቆዳ ቀለም አለ፤ ከጥቂቶች በቀር ስም የለም። አብዛኞቹ በስማቸው የተቆጠሩት ነፃ ከወጡ በኋላ በ1870 ነው። ወይዘሮዋ ዕድሜዋ ከቅድመ አያታቸው ጋር የሚገጥመውን አንዲት የስምንት ዓመት ልጅ በጣታቸው እየጠቆሙ «እሷ ትሆናለች» ብለውታል።

ይህን ስሰማ አንድ ነገር ገባኝ። ስም የሚቆየው ጥቅም ባለበት ነው። በመንዝ ከስም በስተኋላ መሬት አለ፤ ስለዚህ ስሙ ተቆጠረ። በገዳማት መጻሕፍት ኅዳግ ላይ የተጻፉት ብዙ ማስታወሻዎችም ስለ መሬት ስጦታና ስለ ውርስ ናቸው። ከ1966 ዓ.ም. ጀምሮ በማይክሮፊልም የተነሡት በሺህ የሚቆጠሩ የብራና መጻሕፍቶቻችን በአሜሪካ በሚኒሶታ ቅጂያቸው ተቀምጧል፤ ከእነዚያም ብዙዎቹ ዛሬ በኢንተርኔት ይነበባሉ። እኔም አገላብጫለሁ። የሰጪና የተቀባይ ስም ሞልቶ አገኘሁ፤ በግ ቆጣሪዋን ግን በዚያ መፈለግ ከንቱ ነው። እሷ ያለችው በአንዲት የሰማንያ ዓመት ባልቴት ትዝታ ውስጥ ብቻ ነው፤ እኔ ባልጠይቅ ኖሮ ከእሳቸው ጋር ትቀበር ነበር።

ስለዚህ በሐረጉ ላይ ጻፍናት። ቅጹ አባቷን ሲጠይቅ «የለም» የሚል ቃል አላስገባንም፤ አባት ነበራትና። ሥፍራውን ባዶ ተውነው። አጎቴ እስከ ዛሬ አልተስማማም። ባለፈው ሳምንት ግን ስለ ሌላ ጉዳይ ደውሎ ሲሰናበተኝ «ለመሆኑ የክርስትና ስሟ ማን ነበር?» ብሎ ጠየቀኝ፤ ነገርሁት።

እናንተም አንባቢዎቼ፥ በቤታችሁ አሮጊት ወይም ሽማግሌ ካለ ዛሬ ማታ ደብተርና እርሳስ ይዛችሁ አጠገባቸው ተቀመጡ። የሚቆጥሩላችሁን ጻፉ፤ ቀጥላችሁም የማይቆጠረው ማን እንደሆነ ጠይቁ። መጀመሪያ ዝም ቢሏችሁ በማግሥቱ ጧት ፀሐይ ሲሞቁ ተመለሱ።

እኔ ሽማግሌ የምልከው በመጪው ጥር ነው። ልጅቱ ነገሩን ሁሉ ከእኔ አፍ ሰምታለች። ይህ ጽሑፍ ግን ከሽማግሌዎቼ ቀድሞ ከአባቷ እጅ ይደርስ ይሆናል፤ ይድረስ ብዬ ነው የጻፍሁት።