አራት ቀን የአደን ጊዜ

የዱር እንስሳት ተማሪ ሆኜ "አሜሪካ ሳለሁ አደን ሄጄ ነበር" ስል የክፍል ጓደኞቼ ያፈጡብኛል። "እንዴ! ጠባቂ ልትሆን አይደል እንዴ የምትማረው?" ይሉኛል። እኔ ጠመንጃ አልያዝኩም፤ የሄድኩት አጎቴን ተከትዬ ነው። ነገር ግን እዚያ አገር አደንና ጥበቃ የተሳሰሩ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1937 በወጣው የፒትማን ሮበርትሰን ሕግ መሠረት ከጠመንጃና ከጥይት ሽያጭ የሚሰበሰበው ታክስ ለዱር እንስሳት ጥበቃ ይውላል።

እንስሳው ጥቁር ጭራ ያለው ዋላ ነው። "አጋዘን" ያላልኩት በምክንያት ነው። የእኛ አጋዘን ቀንዱን ዕድሜ ልኩን ይዞት ይኖራል። የዋላው ወንድ ግን በየዓመቱ ቀንዱን ጥሎ እንደገና ያበቅላል። የሚኖረው በሰሜን አሜሪካ ምዕራብ ጠረፍ፣ ዝናብ በማይጠፋበት ጥቅጥቅ ያለ ደን ውስጥ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ሲመሽ እንጂ በቀን አይታይም።

በምዕራብ ዋሽንግተን የጠመንጃ አደን ዋናው ወቅት ካለቀ በኋላ በተወሰኑ ቦታዎች አራት ቀን ብቻ እንደገና ይከፈታል። በ2017 ዓ.ም. ከኅዳር 5 እስከ 8 ነበር። ጊዜው ወንዶቹ ሴቶቹን ፍለጋ በቀንም የሚንቀሳቀሱበት ነው። አጎቴ የሌሊት ፈረቃ ስለሚሠሩ ሐሙስና ዓርብ አለፉን። የቀረን ቅዳሜና እሑድ እስከ እኩለ ቀን ብቻ። የነቢያት ጾም ደግሞ ኅዳር 15 ይገባል። አጎቴ የቅበላውን ሥጋ ከጫካ ለማምጣት ቆርጠዋል።

ከኦሎምፒያ ከተማ አጠገብ ወዳለው ካፒቶል ደን ገባን። ጊዜው ስላጠረ ብዙ ቦታ የምንዞር መስሎኝ ነበር። አጎቴ ግን ዛፉ ተቆርጦ ቁጥቋጦ የበቀለበት አንድ ሜዳ ዳር፣ ነፋሱ ከፊታችን እንዲመጣ አድርገው ተቀመጡ። "ወንዱን አትፈልግ፤ ሴቶቹ የሚግጡበትን ፈልግ። እሱ ራሱ ይመጣል" አሉኝ። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ሁለት ሴቶች ወጡ። ዝናቡም ጀመረ፤ ብርቱካናማው ሰደሪያችን ከላያችን ላይ ተጣበቀ።

ፀሐይ የጠለቀችው ከአሥር ሰዓት ተኩል ትንሽ አለፍ ብሎ ነው። ሕጉ ከዚያ በኋላ ግማሽ ሰዓት ይፈቅዳል። አሥራ አንድ ሰዓት ሊሆን ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው ወንዱ መጣ። አንገቱ የወፈረ፣ ቀንዱ ባለ ቅርንጫፍ። አንድ መቶ እርምጃ ያህል ይርቀናል፤ ግማሽ ጎኑ በቁጥቋጦ ተሸፍኗል። አጎቴ ጠመንጃውን አነሡ፤ አነጣጠሩ። ከዚያ ቀስ ብለው መልሰው አወረዱት። "ጋሼ፣ ምን ሆኑ?" አልኩ በሹክሹክታ። ዝም አሉኝ። ዋላው ከሴቶቹ ጋር ጫካ ገባ።

መኪና ውስጥ ገብተን ነው የነገሩኝ። "ጥሩ የተመታ ዋላ እንኳ ሮጦ ነው የሚወድቀው። ሆዱን ከተመታ ደግሞ ሰዓታት ሳትጠብቅ አትከተለውም፤ ብትከተለው ይርቅብሃል። ደሙን ዝናብ ያጥበዋል። ጨለማ ነው። በሕይወት ባገኘው ሰዓቱ አልፏልና መተኮስ አልችልም። ነገ ያለን ግማሽ ቀን ነው። ልጄ፣ ያጠረን የመተኮሻ ጊዜ አይደለም፤ ለመተኮስማ አንድ ሰከንድ ይበቃል። ያጠረን የመፈለጊያው ነው።"

እሑድ ጎህ ሳይቀድ እዚያው ቦታ ነበርን። ሴቶቹ መጡ፤ ወንዱ ግን አልመጣም። ስድስት ሰዓት ሲሆን ዕቃችንን ሰብስበን ተመለስን። የቅበላው ሥጋ ከገበያ የተገዛ በግ ሆነ። የአክስቴ ልጆች "ጋሼ አዳኙ!" እያሉ ሳቁባቸው፤ እሳቸውም አብረው ሳቁ።

"የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ" እንላለን። በጫካ የፈሰሰው ግን ሁልጊዜ አይለቀምም። ነገ እኛም መስክ ወጥተን እንስሳ በማደንዘዣ መትተን የምንመረምርበት ቀን ይመጣል። ማደንዘዣውን ለመተኮስ አፍታ ይበቃል። እንስሳው የገባበትን ተከትሎ ማግኘት፣ ትንፋሹን መጠበቅ፣ ነቅቶ በእግሩ እስኪቆም አጠገቡ መሆን ግን ጊዜ ይወስዳል። የመስክ ፕሮግራም ስናወጣ ከዚያ ሰዓት ብንጀምር ይሻላል እላለሁ።