አርክቴክት ከመቅጠራችን በፊት

ሞያሌ ላይ የእህል መጋዘን ለመሥራት ስነሳ ብዙ ሰው የመከረኝ አንድ ነገር ነው፦ «የእከሌ ፕላን አለ፣ እሱን ኮፒ አስደርጊ፤ የቀረውን ግንበኛው ያውቃል።» የስንት ዓመት የንግድ ትርፌን ግን ለሌላ ሰው ሥራ በተነደፈ ፕላን ላይ ማፍሰስ አልሆነልኝም። ፈቃድ ያለው አርክቴክት ፈለግኩ።

ሦስት ባለሙያዎች አነጋገርኩ። ሁለቱ «ስንት ካሬ ነው?» ብለው ዋጋ ነገሩኝ። ሦስተኛዋ «ምንድን ነው የምታስቀምጪው? ጆንያው ስንት ይደረደራል? ምን ዓይነት መኪና ይገባል?» አለችኝ። ቦሎቄ መሆኑን ስነግራት ወለሉን ከግቢው ከፍ አደረገችው፤ ከጣሪያው ሥር የነፋስ ማስገቢያ አወጣች፤ ጆንያው ግድግዳ እንዳይነካ ዙሪያውን መተላለፊያ ተወች። በሩንም ኤፍ ኤስ አር በኋላው ገብቶ እንዲያራግፍ አድርጋ አስቀመጠችው። እሷን ቀጠርኩ።

ከመፈራረማችን በፊት ሦስት ነገር ጠየቅኳት፦ የታደሰ የሙያ ፈቃዷን፣ ከዚህ በፊት ያሠሯትን ሰዎች ስልክ፣ ግንባታው ሲጀመር ስንት ጊዜ መጥታ እንደምታይ። የመጨረሻው ውሉ ላይ ተጻፈ፤ ክፍያውም እንደ ሥራው ደረጃ ተከፋፈለ።

ኬንያ በኩል የምትገነቡ እህቶች፣ እዚያ «አርክቴክት» ተብሎ ለመሥራት የአርክቴክቶችና የኳንቲቲ ሰርቬየሮች ምዝገባ ቦርድ ዘንድ መመዝገብ በሕግ ግዴታ ነው። ገንዘብ ከመስጠታችሁ በፊት ስሙን መዝገቡ ላይ ፈልጉ።

ጆንያ ሳንፈታ ቦሎቄ አንገዛም። ሕንፃማ ከዚያ በላይ ይጠየቅበታል።