በአንድ ቢስክሌት ላይ ሁለት ሰዎች

ባለቤቴ የባሕር ዳር ልጅ ናት። እንደሚታወቀው ባሕር ዳር በጣና ሐይቅ ጫፍ የተቆረቆረች፣ መሬቷ ሜዳ፣ ቢስክሌት የሚበዛባት ከተማ ናት። ስለዚህም እርሷ ገና በልጅነቷ የታላቅ ወንድሟን ቢስክሌት እየነዳች ወደ ገበያ ትላክ ነበረ። እኔ ግን ዲቁና ተቀብዬ፣ ከቅኔ ቤት ወደ አስኳላ ተሻግሬ፣ ኋላም መምህር የሆንሁ ሰው ነኝና ቢስክሌት መንዳት የለመድሁት ከሠላሳ ዓመቴ በኋላ፣ ያውም በእርሷ አስተማሪነት ነው። ኑሯችን በእንግሊዝ አገር በለንደን ከተማ ከሆነ ወዲህ ባለቤቴ፣ «የባሕር ዳር ልጅ እባላለሁ፤ ባሕር ግን አንድ ቀን እንኳ በዓይኔ አላየሁም» እያለች ታጫውተኝ ነበረ። በ2011 ዓ.ም. በሐምሌ ወር ለአንድ ሌሊት ጉዞ ያነሣሣን ይህ ጨዋታዋ ነው።

በለንደን ምሥራቃዊ ክፍል፣ ሃክኒ በሚባለው ሰፈር፣ ለንደን ፊልድስ የሚሉት መናፈሻ አለ። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከ1990ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ፣ በሐምሌ ወር ሙሉ ጨረቃ በምትቀርብበት ቅዳሜ ማታ ብዙ ቢስክሌተኞች ከዚያ ይሰበሰቡና ሌሊቱን ሙሉ ተጉዘው፣ በማግሥቱ ጧት በሰሜን ባሕር ዳርቻ ወደምትገኘው ዳኒች ወደምትባል መንደር ይደርሳሉ። መንገዱ 180 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ዳኒች ዳይናሞ የተባለው ይህ ጉዞ ውድድር አይደለም፤ ቀድሞ የደረሰም ሽልማት አይቀበልም። ጉዞው ለእሑድ አጥቢያ በመሆኑ ቅዳሴ ማስታጐሉ ከብዶኝ የንስሐ አባታችንን ባማክራቸው፣ ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና «አንድ እሑድ ነው፤ ልማድ ግን አይሁን» አሉኝ።

ከአንድ ወዳጃችን ታንደም የሚባለውን ባለ ሁለት ኮርቻ ቢስክሌት ተዋስን። የዚህ ቢስክሌት አሠራር እንዲህ ነው። የፊተኛውና የኋለኛው ፔዳል በካቴና ስለ ተያያዙ የአንዱ እግር ሲዞር የሌላውም አብሮ ይዞራል፤ አንዱ ላቁም ቢል ሌላው ብቻውን መቀጠል አይችልም። መሪው፣ ፍሬኑና ማርሹ በፊተኛው ሰው እጅ ናቸው። የኋለኛው ሰው በፊቱ የሚያየው የባልንጀራውን ጀርባ ብቻ ነው። እንግሊዞች ፊተኛውን «ካፒቴን» ይሉታል፤ ኋለኛውን ግን በእንፋሎት ባቡር ላይ ከሰል ወደ ምድጃ በሚጨምረው ሠራተኛ ስም «እሳት ቆስቋሽ» ብለው ይጠሩታል።

ከሁለታችን ብልኋ ነጂ እርሷ ሆና ሳለ፣ እኔ «ከባዱ ሰው ከፊት ቢሆን ሚዛን ይጠብቃል» የሚለውን ደንብ ጠቅሼ ፊተኛውን ኮርቻ ያዝሁ። ደንቡ እውነት ነው። እኔ ግን ስለ ሚዛን ብቻ አላሰብሁም። አባወራ ከኋላ ተቀምጦ የሚስቱን ጀርባ ሲመለከት የሚያየኝ ሰው ምን ይለኛል የሚል ሐሳብም ነበረብኝ።

በዚያን ማታ በደረት ኪሴ ውስጥ አንድ ደብዳቤ ነበረ። የማስተምርበት ትምህርት ቤት የሥራ ውሌ እንደማይታደስ ያስታወቀበት ነው። ከደረሰኝ ሦስት ሳምንት ሆኖታል፤ ለባለቤቴ ግን አልነገርኋትም። ዛሬ ነገ ስል፣ እርሷ በእኔ ደመወዝ ተማምና ለነርስነት ትምህርት ተመዘገበች፤ የማታ ሥራዋንም እንደምትለቅ ለአሠሪዎቿ ጻፈች። እኔም አፌን ይዤ ዝም አልሁ።

ከማታው ሦስት ሰዓት ግድም ተነሣን። ከከተማው ወጥተን የኤፒንግን ደን ስናልፍ ጨለማው በረታ፤ ከፊታችን ያሉት የቢስክሌቶች ቀይ መብራቶች በጠባቡ መንገድ ላይ ተሰልፈው ሲሄዱ፣ በትንሣኤ ሌሊት ጧፍ ይዞ ቤተ ክርስቲያን የሚዞር ሕዝብ መሰሉኝ። ባለቤቴ ከኋላ ሆና ታንጐራጕር ነበረ።

እኩለ ሌሊት ካለፈ በኋላ ዳንሞው ከምትባል ከተማ ደርሰን፣ የቋጠርነውን ዳቦ ቈርሰን ሻይ ጠጣን። በዚያች አገር አንድ ጥንታዊ ልማድ አለ። ባልና ሚስት ዓመት ከአንድ ቀን ሙሉ በጋብቻቸው እንዳልተጸጸቱ ምለው ካስረዱ አንድ ጎን የአሳማ ሥጋ ይሸለማሉ። በ14ኛው ክፍለ ዘመን የነበረው ደራሲ ጄፍሪ ቾሰር እንኳ ይህን ልማድ በጽሑፉ ጠቅሶታል። በዘመናችንም በየአራት ዓመቱ ችሎት ይቆምና ስድስት ያላገቡ ወንዶችና ስድስት ያላገቡ ሴቶች ይፈርዳሉ፤ ጠበቆችም በሁለቱም ወገን ይከራከራሉ። ባለቤቴ ይህን ከነገረችኝ በኋላ፣ ልትቀልድብኝ ስትሻ በምትጠራኝ ስም፣ «ሥጋው ለእኛ ቤት አይሆንም፤ መሐላውን ግን የኔታ፣ ለመማል ትደፍራለህ?» ብላ ጠየቀችኝ። እኔም ሣቅሁ እንጂ አልመለስሁላትም።

ከዳንሞው ወጥተን ጥቂት እንደ ተጓዝን ዛፍ ያጠላበት ቁልቁለት ገጠመን። ታንደም የሁለት ሰው ክብደት ስለሚሸከም ቁልቁለት ሲያገኝ በጣም ይፈጥናል። በመብራቱ ጫፍ አንድ ጉድጓድ አየሁ፤ ከኮርቻዬም ብድግ ብዬ ራሴን አዳንሁ። ለእርሷ ግን አልተናገርሁም። ወዲያው ጩኸቷን ሰማሁ። እግሯ ከፔዳሉ ወጥቶ፣ የሚዞረው ፔዳል ቅልጥሟን መትቷት ነበረ። የኋላው ጎማም ፈንድቶ ቆምን።

«አይተኸው ነበር?» አለችኝ።

«አዎን፣ አይቼዋለሁ።»

«ታዲያ ስለ ምን አልነገርኸኝም?»

«አላስደንግጥሽ ብዬ ነው።»

«የሚያስደነግጠኝ ያልነገርኸኝ ነው እንጂ የነገርኸኝ አይደለም» አለች፤ ደሟንም በመሐረቧ ጠረገች።

ካላማዳሪያውን አውጥቼ ስለጥፍ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበረ። ጠግኜ ከጨረስሁ በኋላ ከዚያ በላይ መሸሸግ አልቻልሁምና ደብዳቤውን ከኪሴ አውጥቼ ሰጠኋት። በቢስክሌቱ መብራት አነበበችው። ቀኑን ደግማ ተመለከተችና፣ «የመልቀቂያ ደብዳቤዬን ስጽፍ እንግሊዝኛዬን ያረምህልኝ አንተ ነህ» አለችኝ። ሌላ ቃል አልጨመረችም። ደብዳቤውን አጥፋ ከመለሰችልኝ በኋላ፣ «በል፣ ጎማውን ንፋ» አለች።

ከዚያ በኋላ ያለው መንገድ ረጅም ነበረ። በሁለት ቢስክሌት ብንሆን ኖሮ አንዳችን ቀድመን፣ አንዳችን ቀርተን በተለያየን ነበር፤ ታንደም ግን ይህን አይፈቅድም። የተቀየመው እግርና የበደለው እግር በአንድ ካቴና ይዞራሉ። እኔም የሚያስፈልገውን መናገር ጀመርሁ፤ «ጉድጓድ!»፣ «መታጠፊያ!»፣ «ፍሬን ልይዝ ነው!» እያልሁ እጮህ ነበረ። እርሷ መልስ አትሰጠኝም። ሰድበሪ የምትባለውን ከተማ አልፈን ዳገት በመጣ ጊዜ ግን አንድ ነገር ተረዳሁ። ከኋላ ያለ ሰው እግሩን በፔዳሉ ላይ አሳርፎ ድካሙን ሁሉ ለፊተኛው ሊተውለት ይችላል። ባለቤቴ በቆሰለ እግሯ እየገፋች ነበረ። ይህን ባወቅሁ ጊዜ፣ ቁጣዋን በቃል ከምሰማው ይልቅ ልቤ ተነካ።

ሰማዩ ነጣ፣ ወፎችም መንጫጫት ጀመሩ፤ ከጧቱ ሁለት ሰዓት ግድም ዳኒች ደረስን። ባሕሩ እንዳሰብነው ሰማያዊ አልነበረም፤ ግራጫ ነው፤ ዳርቻውም ጠጠር ነው። ባለቤቴ ጫማዋን አውልቃ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ገባች። ውኃውን በጣቷ ነክታ ቀመሰችና፣ «እውነትም ጨው ነው» ብላ ሣቀች። ከጉድጓዱ ወዲህ የሰማሁት የመጀመሪያው ሣቋ ነበረ።

ዳኒች በመካከለኛው ዘመን ታላቅ ወደብ ነበረች። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1286 እና በ1328 የተነሡት ማዕበሎች ወደቧን ጐዱባት፤ ቀሪውን ከተማም ባሕሩ በየዘመኑ ወሰደው። ከጥንት አብያተ ክርስቲያናቷ የመጨረሻው፣ የቅዱሳን ሁሉ የሚባለው፣ ከ1904 እስከ 1919 ድረስ ጥቂት በጥቂት ከገደሉ እየተናደ ወደ ባሕር ገባ። ማዕበል በተነሣ ጊዜ ደወሎቹ ከባሕሩ ሥር ይሰማሉ የሚል አፈ ታሪክም በአገሩ ሰዎች ዘንድ አለ። እኔ ያስተዋልሁት ግን የጥፋቱን መንገድ ነው። ግድግዳው ጠንካራ የድንጋይ ሥራ ነበረ፤ ባሕሩም የበላው ከሥሩ ያለውን አሸዋማ ገደል ነው። ከሩቅ ላየው ሰው ሕንጻው ባለበት የቆመ ይመስል ነበረ። ለሦስት ሳምንት በአንድ ማዕድ ቀርበን ስንበላ የእኛም ቤት እንዲሁ ነበረ።

በጠጠሩ ላይ አጠገቧ ተቀምጬ ይቅርታ ጠየቅኋት። እርሷም ባሕሩን እያየች እንዲህ አለችኝ፤ «ሥራ ቢጠፋ ሌላ ይገኛል። እኔን ያሳዘነኝ ሦስት ሳምንት ሙሉ ብቻዬን ማቀዴ ነው። ትምህርቴን አልተውም፤ ሰኞ ግን የማታ ሥራዬን እንዲመልሱልኝ እለምናለሁ። አንተም ሰኞ ሥራ ፍለጋ ትወጣለህ። ከእንግዲህ ጉድጓድ ስታይ ጩኽ፤ መደንገጡን ለእኔ ተውልኝ።»

አሠሪዎቿ የማታ ሥራዋን መለሱላት። እኔም ከአራት ወር በኋላ በሌላ ትምህርት ቤት ተቀጠርሁ፤ ደመወዙ ከቀድሞው ያንሳል። እርሷ ትምህርቷን ፈጽማ ዛሬ በነርስነት ትሠራለች። በቤታችንም ከዚያ ወዲህ አንድ ሥርዓት አለ፤ ለማናችንም የተላከ ደብዳቤ ቢሆን ከእራት በኋላ በገበታው ላይ ይከፈታል፣ ለሁለታችንም ይነበባል።

እንግዲህ አንባብያን ሆይ፣ በተለይም እንደ እኔ መሪውን የያዛችሁ አባወራዎች፣ የምለምናችሁ ይህን ነው። ከፊት መቀመጥ መንገዱን አስቀድሞ የማየት ዕድል ይሰጣል፤ ከዚያ ዕድል ጋር ግን ያዩትን የመናገር ዕዳ አለበት። ከኋላችሁ ያለው ሰው የሚያየው ጀርባችሁን ብቻ ነውና፣ ጉድጓዱን ባያችሁ ጊዜ ለራሳችሁ ብቻ ብድግ አትበሉ።