«እኔ እይዘዋለሁ»

ዛሬ ፈገግ የሚያሰኝ፣ ግን ከድንገተኛ ክፍል የማይርቅ ጉዳይ ይዤ መጥቻለሁ፤ ስለ መኪና ቀበቶ ስላሉን የተሳሳቱ ግንዛቤዎች።

ሚኒባስ ታክሲ ውስጥ ጋቢና የተቀመጠ ሰው ይህን ያውቀዋል። ሹፌሩ ከሩቅ ትራፊክ ሲያይ «ጋቢና፣ ቀበቶ!» ይላል። በቅርቡ አጠገቤ የነበሩ አባት ቀበቶውን ስበው ደረታቸው ላይ አደረጉና ጫፉን በእጃቸው ጨብጠው ያዙት። ትራፊኩን እንዳለፍን ለቀቁትና «ተገላገልን» አሉ። ሁላችንም ሳቅን።

ብዙዎቻችን ቀበቶ የሚታሰረው ለትራፊክ ተብሎ ይመስለናል። የመኪናው ጩኸት የሚረብሸው ሰው ደግሞ ቀበቶውን በጀርባው አዙሮ ይሰካና ተደላድሎ ይቀመጣል። መኪናው ዝም አለ እንጂ ሰውየው አልታሰረም።

ሳቄ ያበቃው ጉዳዩ የራሴ ቤት ሲገባ ነው። ባለፈው ቅዳሜ እናቴን ዘመድ ጥየቃ ልወስዳት ስል የሁለት ዓመት ልጄን አቅፋ ፊት ወንበር ላይ ቁጭ አለች።

«እማዬ፣ እሱ እኮ ኋላ የራሱ ወንበር አለው።»

«ምን በወጣው እንደ እስረኛ ይታሰራል? እኔ እይዘዋለሁ። አንቺንስ እንዲህ አቅፌ አይደል ያሳደግኩሽ?»

እውነቷን ነው፣ እንዲያው ነው ያደግነው። ግን ስሌቱን እንየው። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና ከግድግዳ ጋር ቢጋጭ፣ ያልታሰረ ሰው የሚመታው 10 ሜትር ገደማ ከፍታ ካለው ሦስተኛ ፎቅ የወደቀ ያህል ነው። 12 ኪሎ የሚመዝነው ልጄ በዚያች ቅጽበት ለያዘው ክንድ ከአንድ ኩንታል ተኩል በላይ ይከብዳል። የትኛዋ አያት ትችለዋለች? እሷም ካልታሰረች ልጁ በእሷና በዳሽቦርዱ መካከል ይጨፈለቃል።

ይህን ሁሉ አስረድቼ ስጨርስ እናቴ ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? «ታዲያ አንቺ አትጋጪያ!»

እኔም ብሆን ንጹሕ አይደለሁም። እሱን ባረገዝኩ ጊዜ «ሆዴን ይጫነዋል» ብዬ ቀበቶ ማሰር ትቼ ነበር፤ ያውም ሐኪም ሆኜ! ያረመችኝ አብራኝ የምትሠራ አዋላጅ ነርስ ናት። የታችኛው ቀበቶ ከሆድ በታች፣ በዳሌ አጥንት ላይ ያልፋል። የላይኛው ደግሞ በሁለቱ ጡቶች መካከል አልፎ በሆድ ጎን ይወርዳል። ፅንሱን የሚጠብቀው የእናቱ በሕይወት መትረፍ ነውና ነፍሰ ጡሮች ማሰር አለባቸው።

ሌሎች ከታካሚዎቼ የምሰማቸው፦

«ኋላ ነው የምቀመጠው።» ያልታሰረ የኋላ ተሳፋሪ በግጭት ጊዜ ፊት ባለው ሰው ላይ ይወረወራል። ራሱንም ሌላውንም ይጎዳል።

«መኪናው ኤርባግ አለው።» ኤርባግ የተሠራው ከቀበቶ ጋር አብሮ እንዲያግዝ ነው። በከፍተኛ ኃይል ስለሚነፋ ፊት የተቀመጠን ሕፃን ሊገድል ይችላል።

«መኪናው ቢቃጠል ቀበቶው አስሮ ያስቀረኛል።» ፈትቶ ለመውጣት መጀመሪያ ራስን አለመሳት ያስፈልጋል። ጭንቅላትዎ ከመስታወት ጋር እንዳይጋጭ የሚረዳዎት ደግሞ ቀበቶው ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ዕድሜያቸው ከ5 እስከ 29 ዓመት ለሆኑ ልጆችና ወጣቶች ቀዳሚው የሞት ምክንያት የመንገድ አደጋ ነው። ቀበቶ ማሰር የመሞት አደጋን እስከ ግማሽ ሊቀንስ ይችላል። የልጅ ወንበር ውድ መሆኑን አውቃለሁ። አቅም ከፈቀደ ይግዙ፤ እስከዚያው ግን ቢያንስ ልጆችን ፊት ወንበር ላይ አያስቀምጡ፤ አንድ ቀበቶም ለሁለት ሰው አያጋሩ።

እናቴ በመጨረሻ ኋላ ከልጁ ወንበር አጠገብ ተቀመጠች፤ እጁን ይዛ፣ እሷም ታስራ። መንደር ውስጥ ስንገባ ግን አላስቻላትም።

«እዚህ እኮ ትራፊክ የለም። ለማን ብዬ ነው የታሰርኩት?»

«ለእሱ» አልኳት። ዝም አለች፤ ግን አልፈታችውም።

እናንተስ ስለ ቀበቶ ምን ሰምታችኋል? ጻፉልን፤ ልጅ አቅፎ ፊት ለሚቀመጥ ወዳጃችሁም አጋሩለት። መልካም ጤና!