ሒሳብን ለዓይን ብቻ የሰጠው ማነው?

እስቲ ይህችን ስሌት ድምፅ አውጥታችሁ አንብቧት፦ «ሦስት ሲደመር አንድ ሲካፈል ለሁለት»። ስንት መጣ? ሦስትና አንድ ተደምረው ድምሩ ለሁለት ከተካፈለ 2 ነው። የሚካፈለው አንዱ ብቻ ከሆነ ደግሞ 3 ተኩል። «ማካፈል ይቀድማል» የሚል አይጠፋም። ልክ ነው፤ ግን ያነበበላችሁ ሰው ሁለቱንም ቁጥሮች ከክፍልፋዩ ሰረዝ በላይ እያየ ቢሆንስ? ወረቀት ላይ ክርክር የለም፤ ሰረዙ ከየት እስከ የት እንደተሰመረ ይታያል። ጆሮ ግን ሰረዝ አያይም።

ይህ ነገር የገባኝ ከአንድ ዐይነ ስውር ፕሮግራመር ወዳጄ ጎን ተቀምጬ ሲሠራ ያየሁት ቀን ነው። ስክሪን ሪደሩ፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ላይ ያለውን ጽሑፍ በድምፅ የሚያነብለት ሶፍትዌር፣ እኔ አንድ ቃል መለየት በማልችልበት ፍጥነት ይንበለበላል፤ እሱ ግን ስህተቱ ያለበትን መስመር ሰምቶ፣ ሄዶ አርሞ ይመለሳል። ቀጥሎ ለሥራው የሚፈልገውን የስታትስቲክስ ቀመር ከአንድ ሰነድ ሊያወጣ ሞከረ። ማሽኑ «ምስል» አለና ዝም አለ። «አየህ ወንድሜ፣ ኮዱን ራሴ እጽፈዋለሁ። ቀመሩን ግን ሰው ካላነበበልኝ ለእኔ የለም» አለኝ።

ልዩነቱ ከአእምሮ ችሎታ የመጣ አይደለም። ኮድ ከግራ ወደ ቀኝ የሚሄድ ጽሑፍ ነው። ሒሳብ ግን ከላይም ከታችም ይጻፋል፤ ክፍልፋይ፣ ሥርና ርቢ ትርጉማቸውን የሚያገኙት ከተቀመጡበት ቦታ ነው። ስለዚህ ጥያቄው አንድ ነው፦ ቦታን እንዴት ወደ ቃል እንለውጥ?

መልሱን የፈለጉት በአብዛኛው ችግሩ ያለባቸው ሰዎች ራሳቸው ናቸው። አሜሪካዊው አብርሃም ኔሜት ዐይነ ስውር ነበር። ሒሳብ ለዐይነ ስውር አይሆንም ብለው ስለመከሩት መጀመሪያ ሳይኮሎጂ ተማረ። በኋላ ወደ ሒሳብ ተመልሶ የዩኒቨርሲቲ መምህር ሆነ፤ በ1952 እ.ኤ.አ. የታተመው የብሬል የሒሳብ አጻጻፍም በስሙ ይጠራል። ቀመር በድምፅ ሲነበብ ክፍልፋዩ የት ጀምሮ የት እንደሚያልቅ በቃል የሚናገር የንባብ ሥርዓትም አበጅቷል። ሌላው ዐይነ ስውር፣ ቲ. ቪ. ራማን፣ በ1994 በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ለዶክትሬቱ የሠራው ሥራ በላቴክ የተጻፉ ቀመሮችን በድምፅ የሚያነብ ሥርዓት ነበር።

ላቴክ ቀመርን በተራ ፊደልና በቅንፍ ለመጻፍ የሚያስችል ኦፕን ሶርስ መሣሪያ ነው። ዐይነ ስውሩ ፕሮግራመር ኮድ በሚጽፍበት በዚያው ኤዲተር ቀመሩንም ይጽፋል፣ ያርማል፤ የጻፈውንም ስክሪን ሪደሩ ፊደል በፊደል ያነብለታል። ለዓይን ያላማረው አጻጻፍ ለጆሮ ተመቸ።

እዚህ ላይ «በነጻ የተሰጠ» እና «ክፍት የሆነ» ለየቅል መሆናቸውን ልብ በሉልኝ። ማዝፕሌየር የሚባል ቀመር አንባቢ ሶፍትዌር ለዓመታት በነጻ ይታደል ነበር፤ ኮዱ ግን የኩባንያ ንብረት ነው። ድጋፉ ሲቆም ተጠቃሚው ከመመልከት በቀር ምንም ማድረግ አልቻለም። በማዝፕሌየር ላይ የሠራው ኒል ሶይፈር በኋላ ማዝካት የተባለውን ተተኪ ሲሠራ ኮዱን ለሁሉም ክፍት አደረገው። ማዝካት ከኤንቪዲኤ ጋር ይሠራል። ኤንቪዲኤን በ2006 የጀመረው ማይክል ከረን እና ብዙም ሳይቆይ የተቀላቀለው ጄምስ ቴ ሁለቱም ዐይነ ስውራን አውስትራሊያውያን ናቸው። ለስክሪን ሪደር ብዙ ዶላር መክፈል ግዴታ መሆን የለበትም ብለው የጀመሩት ሥራ ዛሬ በመላው ዓለም ያለ ክፍያ ይወርዳል።

ወደ እኛ ልምጣ። በአገራችን የተማሩ ዐይነ ስውራንን በብዛት የምናገኛቸው በሕግ፣ በቋንቋና በታሪክ ነው። ሁሉም ወደውና መርጠው ነው ብዬ አላምንም። በሩ ገና ታችኛው ክፍል ላይ ተዘግቶባቸው የመጡ አሉ።

«ብሬል ወረቀት ባልተሟላበት አገር ይህ ቅንጦት ነው» የሚለኝ አንባቢ ይኖራል። ወረቀቱም መምህሩም ይቅደሙ፤ እስማማለሁ። ነገር ግን ሶፍትዌር አንዴ ከተሠራ ለአንድ ተማሪም ለሺህ ተማሪም ወጪው ያው ነው። ደግሞ ከባዶ አንነሳም። ከኤንቪዲኤ ጋር የሚመጣው ኢስፒክ የተባለው የድምፅ ሶፍትዌር አማርኛ ያነባል። የማዝካት የንባብ ሕጎችም ከዋናው ኮድ ተለይተው በጽሑፍ ፋይል ስለተቀመጡ በሌሎች ቋንቋዎች እየተተረጎሙ ነው። ለአማርኛ የሚያስፈልገው አንድ የሒሳብ መምህር፣ አንድ ፕሮግራመርና ከሁሉ በፊት ዐይነ ስውር ተጠቃሚዎች አብረው ተቀምጠው መግቢያው ላይ ያነሳኋትን ጥያቄ እንዲቆርጡ ነው፦ ክፍልፋይ በአማርኛ ሲጀምር ምን እንበል? ሲያልቅስ?

እስከዚያው ግን ዛሬውኑ የሚቻል አለ። መምህራን፣ የሒሳብ ጥያቄ ፎቶ አንስታችሁ በቴሌግራም ስትለቁ ለአንዳንዱ ተማሪ የላካችሁት ባዶ ገጽ ነው። ከፎቶው ሥር ጥያቄውን በጽሑፍ ጨምሩበት። ቅንፍ ብቻ እንዳትረሱ።